ስልኩ ከደረጃ ስር፣ ኢሜይሉ ባሕር ማዶ

የምሠራበት ሆቴል ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው። 36 ክፍል አለው። ዋናው ደረጃ ስር አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ድሮ የሽንኩርት ማስቀመጫ ነበረች። አሁን ሰርቨሩም፣ ማለትም ለሌሎቹ አገልግሎት የሚሰጠው ኮምፒውተር፣ የኔትወርክ ገመዶቹን የሚያገናኘው ስዊችም፣ ባትሪውም እዚያ ነው ያለው። ሽንኩርቱ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፤ ሽታው ግን እስካሁን አልለቀቀም። በሩን ስከፍት መጀመሪያ የሚቀበለኝ እሱ ነው።

ከ2010 ጀምሮ የዚህ ቤት «ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ» እኔ ነኝ። ስልኩም፣ ኢሜይሉም፣ ዋይፋዩም፣ አንዳንዴ ቴሌቪዥኑም የእኔ ጣጣ ነው። በነዚህ ዓመታት ኢሜይሉን ቤት ውስጥ አስቀምጬ አይቻለሁ፤ ክላውድ ላይም፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚገኝ የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ በኪራይ፣ አውጥቼ አይቻለሁ። ስልኩንም እንደዚሁ። በሁለቱም ተቃጥያለሁ። አንዱማ እውነተኛ ቃጠሎ ነው፤ እደርስበታለሁ። ሰሞኑን ሁለት ሦስት ሰው «ሰርቨር ልግዛ ወይስ ክላውድ ልግባ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ከኢሜይሉ ልጀምር። ጋሼ፣ የሆቴሉ ባለቤት ማለቴ ነው፣ ወር በወር የሚከፈል ነገር አይወዱም። «አንዴ ገዝተኸው የራስህ ካልሆነ ኪራይ ነው» ይላሉ። ቤትም ሆነ መኪና ወይም ኢሜይል ለእሳቸው ያው ነው። እኔም ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ፣ እጄን የሚበላኝ ልጅ ነበርኩ። 2011 ላይ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫንኩና የራሳችንን የኢሜይል ሰርቨር ሠራሁ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። የመጀመሪያው መልእክት ጋሼ ስልክ ላይ ሲገባ «ጎሽ!» አሉኝ። ደስታው ብዙ አልቆየም።

መቀበሉን ይቀበላል። ችግሩ መላኩ ላይ ነው። ስንልክ ግማሹ ሰው ስፓም ውስጥ ያገኘዋል፤ ግማሹ ጭራሽ አያገኘውም። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። የሚቀበለው ሰርቨር ላኪውን መታወቂያ ይጠይቀዋል። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚባሉትን ሦስቱን ዶሜይንህ ላይ፣ ማለትም ኢሜይል አድራሻህ ላይ ከ@ በኋላ ባለው ስም ላይ፣ ራስህ ታስተካክላለህ። አይፒ የሚባለው የኢንተርኔት ቁጥርህ የማን ስም እንደሆነ የሚያሳየው ሪቨርስ ዲኤንኤስ ግን ያለው በአይፒው ባለቤት፣ ማለትም ኢንተርኔት በሚያቀርብልህ ድርጅት እጅ ነው። በዚያ ላይ የማታውቀው ጎረቤት አይፒ በቫይረስ ተይዞ ስፓም ሲረጭ ከከረመ፣ አንተም አብረኸው ጥቁር መዝገብ ትገባለህ። ምንም ሳታጠፋ።

አንድ የጀርመን አስጎብኚ 14 ሰው ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ሊያልፍ፣ ሁለት ሌሊት እኛ ጋ ሊያድር ዋጋ ጠየቀን። በዚያው ቀን መለስንለት። ዝም አለ። ደግመን ጻፍን። አሁንም ዝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሲደውል «እናንተ መልስ ስላልሰጣችሁኝ ሌላ ሆቴል ይዣለሁ» አለ። ጋሼ አልተቆጡኝም። ካልኩሌተሩን አወጡ፣ ሰባት ክፍል በሁለት ሌሊት አባዙና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

በ2012 መጀመሪያ ኢሜይሉን ክላውድ ላይ አወጣሁት። 11 አድራሻ ነበረን። ከዚያ ወዲህ «ኢሜይላችሁ አልደረሰኝም» ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። በዚያው ዓመት መጋቢት ኮሮና ገባ፤ ሆቴሉ ባዶ ሆነ። አድራሻውን ከ11 ወደ 3 አወረድኩት፤ ሒሳቡም አብሮ ወረደ። የተገዛ ሰርቨር እንዲህ አይደለም። እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። በ2016 አጋማሽ ደግሞ ጂሜይልና ያሁ በላኪዎች ላይ ያለውን ቁጥጥር የበለጠ አጠበቁት። ዛሬ አንድ ሰው «ኢሜይል ሰርቨር ቢሮዬ ላትከል» ቢለኝ፣ በሞቴ ተው ነው የምለው። ይህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም።

አሁን የክላውዱን ጉድ ልንገራችሁ። ክፍያው በዶላር ነው። ኮሮናው አልፎ እንግዳ ሲመለስ አድራሻውም መልሶ 11 ሆኖ ነበር። በአንድ አድራሻ 6 ዶላር ብለን ብንነሳ፣ 11 አድራሻ በወር 66 ዶላር ነው። ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ ይህ ከ3,800 ብር ብዙም አይርቅም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ዶላሩ 120 ሲገባ ያው 66 ዶላር ወደ 7,900 ብር ሆነ። አንድም አድራሻ አልጨመርኩም። ጋሼ «ኪራይ ነው አላልኩህም?» አሉኝ። ምን ልበል?

ያደረግሁት ይኼ ነው። ሰው የሚገባባቸውን አድራሻዎች ብቻ አስቀረሁ፤ ስድስት ሆኑ። «ቡኪንግ»፣ «ሒሳብ»፣ «ኢንፎ» የሚባሉት ለብቻቸው ሒሳብ የሚከፈልባቸው መሆን አያስፈልጋቸውም። አንዱ አድራሻ ላይ ተቀጽላ ስም ሆነው በነፃ ይሠራሉ። ይህን ከመጀመሪያው ባውቀው ኖሮ ስንት ብር በዳነ።

ካርዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እንደ ብዙው ሰው የእኛም ክፍያ አሜሪካ ባለ ዘመድ ካርድ ነበር የሚቆረጠው። የጋሼ የወንድም ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል። 2017 ላይ ካርዱ ጊዜው አለፈበት። ማስጠንቀቂያው መጣ፣ ደግሞም መጣ። የመጣው ግን መጀመሪያ ቀን ለአስተዳዳሪ ብዬ ከፍቼ ወደ ረሳሁት አድራሻ ነው። ሰኞ ጠዋት የሪሴፕሽኗ ልጅ «ሲስተም የለም እንዴ?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ኢሜይሉ ተዘግቷል። ልጁ መንገድ ላይ ነው፤ ስልኩ አይነሳም። አራት ቀን ያለ ኢሜይል አሳለፍን።

አሁን ካርዱ በሆቴሉ ስም ነው፤ ሆቴል የውጭ ምንዛሪ ገቢ ስላለው ባንኩ ጋ ተነጋግረን አወጣን። ማስጠንቀቂያው ለእኔም ለሒሳብ ሠራተኛዋም ይደርሳል። የይለፍ ቃል ማስመለሻው በሁለት ሰው ስልክ ተመዝግቧል። ዶሜይኑንም በዚያው አጋጣሚ አጣራሁት። ድረ ገጹን የሠራልን ልጅ በራሱ ስም ነበር የገዛው፤ እሱ ደግሞ ዱባይ ገብቷል። ደግነቱ ጨዋ ልጅ ነው፣ በአንድ ሳምንት አዛወረልን። እናንተም ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችሁ በፊት ዶሜይናችሁ በማን ስም እንደሆነ እዩ።

ስልኩ ሌላ ታሪክ ነው። ድሮ የነበረን አሮጌ የግድግዳ ፒቢኤክስ ነበር፤ ማለትም የክፍል ስልኮችን እርስ በርስም ከውጭ መስመርም የሚያገናኘው ሳጥን። አራት የውጭ መስመር ይገባበታል። 2013 ላይ ሞተ። ዕቃ የሚገኝለት አልነበረም። ልክ በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ሻጭ መጣ። ከረባት ያሰረ፣ አፉ የሚጣፍጥ። «ሁሉንም ክላውድ ላይ አውጡት። ሰርቨር የለ፣ ጥገና የለ። ስልኩን ኢንተርኔት ላይ መሰካት ብቻ ነው» አለን። ኢሜይሉ ክላውድ ላይ ስለተዋጣልኝ እኔም ልቤ ተነሳ። በአምስት ስልክ ለሁለት ሳምንት ሞከርነው።

ከ204 ቁጥር ክፍል ሪሴፕሽን ደውዬ «ሻይ» አልኩ። መልሱ ዘግየት ብሎ መጣ። እኔ ስናገር እሷ ትናገራለች፤ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ደግሞ አብረን እንጀምራለን። ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ ሳየው ሳቄ መጣ። ሰርቨሩ ያለው አውሮፓ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔታችን መጀመሪያ በጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ነው ባሕር ውስጥ ያለውን ኬብል የሚያገኘው። እንግዳውና ሪሴፕሽኗ መካከል ያለው ርቀት አንድ ፎቅ ነው። የሻይ ትዕዛዙ ግን ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል።

ለስልክ ንግግር የድምፅ መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመከራል። የእኛ በደህናው ሰዓት ከዚያ በታች ነበር። ማታ ማታ እንግዳው ሁሉ ዋይፋዩ ላይ ቪዲዮ ሲከፍት ግን ያልፈዋል። ደግሞ ከመዘግየቱ ይልቅ መዋዠቁ ነው ጆሮ የሚበላው። ብዙ ሰው የሚያስበው የኢንተርኔቱን ፍጥነት ብቻ ነው። አንድ ጥሪ የሚወስደው በተለመደው ጥራት በየአቅጣጫው 90 ኪሎ ቢት ገደማ ነው። አሥር ሰው አንድ ላይ ቢያወራ አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ጉዳዩ መስመሩ ሳይቆራረጥ መቆየቱ ነው። ለኢሜይል አምስት ደቂቃ መቋረጥ ማንም ልብ አይለውም። ለስልክ ሦስት ሰከንድ መቋረጥ «ሄሎ? ሄሎ? ይሰማል?» ነው።

አንድ ማታ ወረቀት ይዤ የሳምንቱን ጥሪ ጻፍኩ። ማን ማንን ደወለ? ሦስት ገጽ ሞላ። አብዛኛው ከክፍል ወደ ሪሴፕሽን፣ ከሪሴፕሽን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ላውንደሪ ነው። የሚያወሩት ሰዎች ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ኢሜይሉ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አንዱም ጎንደር ውስጥ ወዳለ ሰው አይሄድም። ለእኔ ነገሩ ያኔ ተፈታ። ዋጋውን ከማወዳደሬ በፊት የሚያወሩት ሰዎች የት እንዳሉ ማየት ነበረብኝ። አንድ ጣሪያ ስር ላሉ ሰዎች ወሬ የኢንተርኔት ፋይበር ሲበጠስ የሚሞት ከሆነ፣ የተቀመጠው የተሳሳተ ቦታ ነው።

ስለዚህ ስልኩ ቤት ገባ። አስተሪስክ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። የውጭ መስመሮቹን የሚያስገባ አንድ ጌትዌይ የሚባል ማገናኛ ሳጥን፣ የክፍል ስልኮቹን የሚያገናኙ ሌሎች ጌትዌዮች ገዛን። የክፍሎቹን አሮጌ ስልክ አልቀየርኩም። ሻጩ «አይፒ ስልክ ካልሆነ አይሆንም» ሲል ነበር፤ በኔትወርክ ገመድ የሚሠራውን ዓይነት ማለቱ ነው። አሮጌው ስልክ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መብራት አይፈልግም። ኃይሉን የሚያገኘው በዚያችው በቀጭኗ የስልክ ሽቦ፣ ከጌትዌዩ ነው። መብራት ሲጠፋ ከደረጃ ስር ያለችው ባትሪ 36ቱንም ስልክ ታኖራለች። አይፒ ስልክ ቢሆን ወይ በየክፍሉ መብራት፣ ወይ በኔትወርክ ገመዱ ኃይል የሚሰጥ ውድ ስዊች ያስፈልጋል።

ስለ ባትሪው ካነሳሁ ሒሳቡን ልስጣችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። 12 ቮልት 100 አምፒር አወር የሚል የመኪና ዓይነት የሊድ ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት አወር ይይዛል። ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፤ ከዚያ በላይ እየጨረሳችሁ ካፈሰሳችሁት ቶሎ ይሞታል። 600 ቀረ። ኢንቨርተሩም የራሱን ይበላል። የእኔ ዕቃዎች በአንድ ላይ 60 ዋት ገደማ ይስባሉ፤ ስምንት ሰዓት ይሄዳል። መጀመሪያ የተጠቀምኩበት አሮጌ ዴስክቶፕ ግን ብቻውን ከመቶ ዋት በላይ ይስብ ነበር። ትንሿ ኮምፒውተር ዋጋዋን በባትሪ ብቻ መለሰች።

አሁን ወደ ቃጠሎው። ሐምሌ 2014፣ ሌሊት። የጎንደርን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ መብረቁ ግንቡን ሊያፈርስ የመጣ ነው የሚመስለው። አንዱ ሲጮህ መብራቱ ብልጭ አለና ጠፋ። ጠዋት ከደረጃ ስር ያለውን በር ስከፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንኩርቱን የሚያሸንፍ ሽታ ተቀበለኝ። የተቃጠለ ፕላስቲክ። መብረቁ የገባው በመብራት መስመሩ አይደለም፤ እዚያ ላይ መከላከያ ነበረኝ። በውጭ የስልክ ሽቦ ገብቶ ጌትዌዩን አቃጥሎ፣ በኔትወርክ ገመዱ አልፎ የኮምፒውተሩን ማዘርቦርድ ይዞት ሄደ።

ኤሌክትሪሺያኑን ጠርቼ «ኧርዝ የለንም እንዴ?» አልኩት፤ ትርፍ ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ ማለቴ ነው። ሽቦውን እየተከተለ ሄደ። አረንጓዴ ሽቦ፣ በወጉ የታሰረ፣ በወጉ የተጠመጠመ። መጨረሻው ላይ የውሃ ቱቦ ላይ ታስሯል። ቱቦውን በመፍቻ መታ አደረገው። ፕላስቲክ ነው። ብረቱን ከዓመታት በፊት በፕላስቲክ ሲቀይሩት ሽቦውን መልሰው ያው ቦታ አስረውታል። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን አየነው።

ሦስት ቀን ያለ ስልክ ቀረን። አስተናጋጆቹ ፎቅ ለፎቅ እየሮጡ ነበር የሚታዘዙት። ጌትዌዩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው። ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው፤ ከገዛኸው ዕቃ ሌላ፣ ያልተጠቀምክበት መለዋወጫ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። አሁን አንድ ትርፍ ጌትዌይና አንድ ትርፍ ኮምፒውተር አለኝ። በስልክ መስመሮቹም ላይ የመብረቅ መከላከያ ገብቷል። እውነተኛ ኧርዝ መሬት ተቀብሯል። የሲስተሙ ቅጂ በፍላሽም አለ፤ አንዱ ቅጂ ደግሞ ክላውድ ላይ ነው። በየስድስት ወሩ ቅጂውን ትርፍ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኜ ስልክ እደውልበታለሁ። መጀመሪያ የሞከርኩት ጊዜ አልተነሳም ነበር። አንድ ፋይል ጎድሏል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለካ ለዚህም ይሆናል።

ሌላው ስህተቴ ደባርቅ ነው። እዚያ የጉዞ ቢሮ አለን፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። የእነሱ ስልክም የእኛ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም እንደ ክፍሎቹ የውስጥ ቁጥር፣ እንዲሆን ፈለግሁና ሰርቨሩን ለኢንተርኔት ከፈትኩት። ፖርት 5060፣ የኢንተርኔት ስልክ የሚገባበት በር። በማግስቱ ሎጉን፣ የሰርቨሩን መዝገብ፣ ሳየው ከዓለም ዙሪያ ያለ ሌባ ሁሉ በሩን እያንኳኳ ነው። 100 ቁጥር ኤክስቴንሽን፣ የይለፍ ቃል 100። 101፣ የይለፍ ቃል 101። እያለ ይቀጥላል፣ በሺዎች። አንዱ ገባ። ገብቶ ማታውን ወደማላውቃቸው አገሮች ሊደውል ሲሞክር አድሯል። ያዳነን ጋሼ ከድሮ ጀምሮ በውጭ መስመሮቹ ላይ ዓለም አቀፍ ጥሪ እንዲዘጋ ማድረጋቸው ነው። እንግዳ እንዳይደውልበት ብለው ነበር የዘጉት። እሳቸው ባይዘጉት ኖሮ የወሩን ሒሳብ ሳስበው ይዘገንነኛል። አሁን ደባርቅ የሚገናኘው በዋየርጋርድ ቪፒኤን፣ ማለትም ለሌላ ሰው በተዘጋ የኢንተርኔት መንገድ፣ ብቻ ነው። ለኢንተርኔት የተከፈተ የስልክ በር የለንም።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የሚባል አለ። በኢንተርኔት የመጣ ጥሪን ወደ መደበኛው ስልክ መስመር ማዞር በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። የራስህን ሠራተኞች እርስ በርስ ማገናኘት አንድ ነገር ነው፤ የውጭ አገር ቁጥር ገዝተህ እዚህ ያለ መስመር ላይ ማስገባት ሌላ። የውጭ መስመር ስትፈልጉ ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር ግዙ። የክላውድ ስልክ የሚሸጥላችሁንም «ፈቃዱን አሳየኝ» በሉት። የእኛ ሻጭ ይህን ስጠይቀው ከረባቱን ማስተካከል ጀመረ።

የእንግዶች ፓስፖርት ቅጂም አለ። በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ፓስፖርት በኢሜይል መቀበል የለመድን ሰዎች ሁሉ ልናነበው የሚገባ ነው። እኔ ያነበብኩ ሰሞን የቆዩትን ቅጂዎች አጠፋሁ፣ ጥሪ መቅዳትም አቆምኩ። ለነገሩ የተቀዳውን የሚያዳምጥ ሰው አልነበረም፤ ዲስክ ብቻ ነበር የሚሞላው።

ነሐሴ 2015 ላይ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ተቋረጠና ለረጅም ወራት ሳይመለስ ቆየ። የሆቴሉ ፋይበር አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ የለም። ያን ጊዜ ነው የሁለቱ አቀማመጥ ትርጉሙ የገባኝ። ስልኩ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ምንም አልሆነም። ኢሜይሉ ውጭ ስለሆነ እኛ ባናየውም ይቀበላል። ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ላኪው ሰርቨር አራት አምስት ቀን ደጋግሞ ሞክሮ «አልደረሰም» ብሎ ይመልሰው ነበር። አዲስ አበባ ላለች የጋሼ ልጅ የይለፍ ቃሉን ሰጠናት። እሷ እዚያ ሆና ኢሜይሉን ታያለች፣ በመደበኛ ስልክ ትደውላለች፣ እኛ «ክፍል አለ» ወይም «የለም» እንላለን፣ እሷ ትመልሳለች። እንደ ድሮ ቴሌግራም፣ የሽቦውን ማለቴ ነው።

የስልኩን ጥቅም ደግሞ በ2017 ጥምቀት አየሁት። የከተራ ማታ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ወርደዋል፣ ከተማው ጢም ብሏል። እንዲህ ያለ ቀን ሞባይል በስም ነው ያለው፤ ሰዉ ከመብዛቱ የተነሳ ጥሪው አይወጣም። 207 ቁጥር ውስጥ ከአሜሪካ እናቱን ይዞ የመጣ ሰው ነበር። እናትየው ቀኑን ሲሄዱ ውለው ማታ ትንፋሽ አጠራቸው። ልጁ ሞባይሉን ይሞክራል፣ ይሞክራል። በመጨረሻ አልጋው አጠገብ ያለችውን ቢጫ የሆነች አሮጌ ስልክ አንስቶ 0 ተጫነ። ሪሴፕሽኗ ወደ በሩ፣ በውስጥ ቁጥር 14 ደወለች። ጥበቃው ሹፌሩን ቀሰቀሰ፤ በኋላ በር በኩል ወጡ። በማግስቱ እናትየው ደህና ሆነው ቁርስ ላይ አየኋቸው። ልጁ «ይህን ስልክ እኮ ጌጥ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ግን እውነቱን ልናገር። ሰርቨር፣ ክላውድ እያልኩ ስጨነቅ የሆቴሉ ትልቁ ወሬ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ሪሴፕሽን ላይ ለአምስት ዓመት የሠራች ጎበዝ ልጅ ነበረች። አግብታ ባሕር ዳር ገባች። ሰርጓ ላይ ጨፍረን ተመለስን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቋሚ ደንበኞቻችን «ለምን አትመልሱም?» እያሉ ይደውሉ ጀመር። ለካ ሁሉም የሚያወሯት በራሷ ቁጥር፣ በራሷ ቴሌግራም ነው። አስጎብኚው፣ ሹፌሩ፣ እንቁላል አቅራቢው ሳይቀር። ጋሼ «ክላውድ አልወድም» ሲሉ ንግዳቸው በሰው ስልክ ክላውድ ላይ ነበር ያለው። እሷም አዝና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ላከችልን፤ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀባት።

አሁን በሆቴሉ ስም የወጣ ሲም አለ፤ ስልኩ ከሪሴፕሽን አይወጣም። ቴሌግራሙ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አለ፤ የማስመለሻው ኢሜይል የሆቴሉ ነው። ዋትሳፕ ቢዝነሱም እዚያው ነው። የዋትሳፑ ወሬ ስልኩ ላይ ስለሆነ የሚቀመጠው፣ ቅጂው በየማታው እንዲወጣ አድርጌያለሁ። ሰርቨር ከመግዛታችሁም ክላውድ ከመክፈላችሁም በፊት ይህን ብታደርጉ ወጪው የአንድ ሲም ካርድ ነው።

የእኛ እንዲህ ስለሆነ የሁሉም እንዲህ ይሁን አልልም። ብዙ የክፍል ስልክ ባይኖረን እኔም ከደረጃ ስር ባልገባሁ። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል፤ አገር ውስጥ ያለ ክላውድ በብር የሚከፈል ከሆነ፣ ድምፁም ባሕር ሳይሻገር የሚመለስ ከሆነ፣ የስልኩን ነገር እንደገና አየዋለሁ። ግን ያኔም ፋይበሩ ጎንደርና አዲስ አበባ መካከል ሲበጠስ 207 ቁጥር 0 ሲጫን ምን እንደሚሆን መጀመሪያ እጠይቃለሁ።

ማራኪ በኩል አንድ ጓደኛዬ የሒሳብ አማካሪ ቢሮ ከፈተ። አምስት ሰው ናቸው፤ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። «ምን ልግዛ?» ብሎ ደወለልኝ። «ምንም አትግዛ» አልኩት። ኢሜይሉ ክላውድ ላይ ይሁን፣ አንድ የቢሮ ሲም አውጣ፣ ዶሜይኑን በቢሮው ስም አስመዝግብ፣ ለራውተሩ አንዲት ትንሽ ባትሪ አድርግለት፣ በቃ። ዝም አለ። ለካ ከመደወሉ ሳምንት ቀድሞ ሰርቨሩን ገዝቶታል። ትልቅ፣ ጥቁር፣ እንደ ፍሪጅ የሚጮህ። ባለፈው ሳምንት ቡና ሊያጠጣኝ ጠራኝና ሄድኩ። ሰርቨሩ ጥጉ ላይ ቆሟል፤ አልተሰካም። ላዩ ላይ ረከቦቱን አድርገውበታል። ለስኒዎቹ ቁመቱ ልክ ነው።